ትንሽ ሮቦት ለመሥራት ምን ይመረጥ? ትራንዚስተር፣ ማይክሮኮንትሮለር፣ ሞተርና ባትሪ ሲነጻጸሩ

በትርፍ ጊዜው ትንሽ ሮቦት ለመሥራት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው «የትኛውን ቦርድ (ኮድ ተጭኖበት ሮቦቱን የሚያዝ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ሮቦቱ ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ፣ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም፣ ሞተሮቹ ስንት ሚሊአምፔር እንደሚወስዱና ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ከታወቀ የቦርዱ ጉዳይ ያለ ብዙ ክርክር ይፈታል። እነዚህ ሳይታወቁ የተገዛ ቦርድ ግን ወይ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር እየጠፋ እንደገና የሚነሣ ሮቦት ያወጣል። ከዚህም አልፎ፣ ቦርድ ጨርሶ የማያስፈልግበት ሁኔታ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ነው።

ይህ መመሪያ የሚናገረው መዳፍ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ሁለት ሞተር፣ ጥቂት ሴንሰርና ትንሽ ባትሪ ስላላቸው ሮቦቶች ነው። በአንድ በኩል ባሕርያቸው ሙሉ በሙሉ በሽቦና በትራንዚስተር (በትንሽ ከረንት ትልቅ ከረንት በሚቆጣጠር ክፍል) የተወሰነ ሮቦቶች አሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ኮድ የሚጫንባቸው አሉ። ከሁለቱም በታች ንዝረት ብቻ የሚያንቀሳቅሳቸው አሉ፤ ብሩሽ ላይ የተጣበቀ ትንሽ የንዝረት ሞተርና አንድ የሰዓት ባትሪ ይበቃቸዋል። እነዚህ ከሕፃናት ጋር አንድ ከሰዓት በኋላን በደስታ ለማሳለፍ እጅግ ጥሩ ናቸው፤ ሆኖም አቅጣጫቸውን መምረጥ ስለማይችሉ ከሌሎቹ ጋር የሚነጻጸሩበት ብዙ ነገር የለም።

በሽቦ የተወሰነ ባሕርይ

ጥቂት ክፍሎች ምን ያህል ርቀት እንደሚወስዱ ለመረዳት ወደ 1940ዎቹ መጨረሻ መመለስ ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ይሠሩ የነበሩት የአንጎል ተመራማሪ ዊሊያም ግሬይ ዋልተር ኤልመርና ኤልሲ የተባሉ ሁለት ኤሊ መሰል ሮቦቶችን ሠርተው ነበር። እያንዳንዳቸው ሁለት የቫኩም ቱቦ፣ አንድ የብርሃን ሴንሰር፣ አንድ የንክኪ ማብሪያና ሁለት ሞተር ብቻ ነበራቸው፤ ያም ሆኖ ብርሃን እየፈለጉ ይዞራሉ፣ በጣም ሲደምቅባቸው ይሸሻሉ፣ ዕንቅፋት ሲነካቸው ዞር ብለው ያልፋሉ። ማርክ ቲልደን ደግሞ ይህን መንፈስ በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ አነቃቅተው፣ ቢም በሚባለው የአሠራር ስልት ኮምፒውተር የሌላቸው በርካታ ትንንሽ ሮቦቶችን ሠሩ። በ2004 ለገበያ የቀረበውን ሮቦሳፒየን የተባለውን የመጫወቻ ሮቦት የነደፉትም እሳቸው ናቸው።

የዚህን መንገድ ጥንካሬና ድካም በአንድ ምሳሌ ቀረብ ብሎ መመልከት ይሻላል። ሁለት ጎማና ሁለት ሞተር ያለው ብርሃን ፈላጊ ሮቦት እንውሰድ። ዓይኖቹ ብርሃን ሲያርፍባቸው ሬዚስታንሳቸው የሚቀንስ ሁለት ኤልዲአሮች ናቸው። እያንዳንዱ ኤልዲአር በአንድ ጫፉ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ 1 ኪሎኦም በሚያህል ሬዚስተር በኩል ከአንድ ኤንፒኤን ትራንዚስተር ቤዝ (ከሦስቱ እግሮቹ ትእዛዝ ተቀባዩ) ጋር ይያያዛል፤ ሞተሩ በባትሪው ፖዘቲቭና በትራንዚስተሩ ኮሌክተር መካከል ይገባል፤ ኤሚተሩ ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል። የግራ ዓይን የቀኝ ሞተርን እንዲያዝ፣ የቀኝ ዓይንም የግራ ሞተርን እንዲያዝ ሽቦዎቹ ሲሻገሩ፣ ብርሃኑ በግራ ሲበረታ የቀኙ ጎማ ይፈጥናል፣ ሮቦቱም ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ብርሃኑ ይዞራል። ሽቦዎቹ ሳይሻገሩ ከተያያዙ ግን ያው ሮቦት ከብርሃን ይሸሻል። ሁለት ሽቦ በማለዋወጥ ብቻ ፈላጊው ሸሺ ሲሆን በዓይን ማየት፣ ለእኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ካሉት ትምህርቶች ሁሉ የላቀው ነው።

ይሁን እንጂ ቁጥሩን ካላሰቡት ሮቦቱ ከቦታው ላይነቃነቅ ይችላል። በመጠነኛ የክፍል ብርሃን አንድ ኤልዲአር 10 ኪሎኦም አካባቢ ቢያሳይና ባትሪው 4.8 ቮልት ቢሆን፣ ወደ ቤዙ የሚገባው 0.4 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ትራንዚስተሩ ያንን በ100 ቢያባዛው 40 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ጊር ላለው ሞተር ከማጉረምረም አያልፍም። መፍትሔው የመጀመሪያው ትራንዚስተር ሁለተኛውን እንዲነዳ አድርጎ ሁለቱን በዳርሊንግተን ቅንብር ማያያዝ ነው። ዋጋውም አለው፦ ዳርሊንግተን ሙሉ በሙሉ በተከፈተ ጊዜ እንኳ አንድ ቮልት የሚጠጋ ለራሱ ያስቀራል፤ በግማሽ ሲከፈት ደግሞ ሞተሩ ያልተጠቀመበት ኃይል በትራንዚስተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ የ1 ኪሎኦም ሬዚስተር የግድ የሚሆነው ደግሞ ሮቦቱ በፀሐይ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ነው፤ የኤልዲአሩ ሬዚስታንስ ወደ ጥቂት መቶ ኦም ሲወርድ ቤዙን የሚጠብቅለት እሱ ብቻ ነው።

መስመር ተከታይ ሮቦትም ያለ ኮድ ይሠራል። እዚህ ላይ ከትራንዚስተር ብቻ ይልቅ ኤልኤም 393 የተባለውን፣ በውስጡ ሁለት ኮምፓራተር (ሁለት ቮልቴጅ አነጻጽሮ የሚበልጠውን የሚለይ ክፍል) የያዘውን ቺፕ መምረጥ ይሻላል፤ ምክንያቱም ጥቁሩን መስመርና ነጩን ወለል የሚለየውን ወሰን በአንድ ማስተካከያ ሬዚስተር በትክክል ማበጀት ያስችላል። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይዘነጋሉ። የኤልኤም 393 መውጫ ወደ ኔጋቲቭ መሳብ እንጂ ቮልቴጅ ማውጣት ስለማይችል ከፖዘቲቭ ጋር የሚያያይዘው፣ ለምሳሌ 10 ኪሎኦም የሆነ ሬዚስተር ይፈልጋል፤ የሚሸከመውም ጥቂት ሚሊአምፔር ብቻ ስለሆነ በእሱና በሞተሩ መካከል ትራንዚስተር ሊኖር ግድ ነው።

በሽቦ የተወሰነ ሮቦት ፈጣን ነው፣ ባትሪው ከተጫነ ወዲያው ሥራ ይጀምራል፣ የሚበላሽ ፕሮግራም የለውም፤ ስሕተት ሲኖርም ከባትሪው ተነሥቶ በመልቲሜትር እያንዳንዱን ነጥብ በመከተል ይገኛል። የማይችለው ነገር ግን ግልጽ ነው። «ሦስት ጊዜ ከተጋጨህ ወደ ኋላ ተመለስ» ማለት፣ የተጓዘውን ርቀት መቁጠር፣ ቀን አንድ ነገር ማታ ሌላ ነገር ማድረግ፣ ባሕርይን በየደቂቃው መለዋወጥ ለእሱ ከባድ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ሐሳብ አዲስ ብየዳ ይጠይቃል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ደንብ በላይ ሲሆን ደግሞ የሽቦው ብዛት ራሱ ዋናው ችግር ይሆናል።

ኮድ የሚሻልበት

ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ኮምፒውተር የሆነ ቺፕ፣ መምረጥ የሚገባው ከሦስቱ አንዱ ሲኖር ነው፦ ሮቦቱ ጊዜን መለካት ወይም ያለፈውን ማስታወስ ሲኖርበት፣ ባሕርዩ ገና ያልተወሰነና በተደጋጋሚ የሚሞከር ሲሆን፣ ወይም ከሰርቮ (ወደ ታዘዘበት ማዕዘን ዞሮ የሚቆም ሞተር) እና ከአልትራሳውንድ ሴንሰር (በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ) ዓይነት፣ በትክክለኛ የጊዜ ልክ ከሚታዘዙ ክፍሎች ጋር ሲሠራ። ለምሳሌ ተራ ሰርቮ በየ20 ሚሊሴኮንዱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሴኮንድ የሚረዝም ምት ይጠብቃል፤ 1.5 ሚሊሴኮንድ መሐል ላይ ያቆመዋል። ይህን በትራንዚስተርና በካፓሲተር ማውጣት ይቻላል፤ ሁለት ሰርቮ በአንድነት ለማራመድ ግን ጥቂት የኮድ መስመር ይበልጣል።

ከላይ ያየነውን ብርሃን ፈላጊ በማይክሮኮንትሮለር ብንሠራው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ኤልዲአሩ ከአንድ ቋሚ ሬዚስተር ጋር ተከታትሎ ይያያዝና በመካከላቸው ያለው ቮልቴጅ ይነበባል፤ በአርዱይኖ ኡኖ ላይ ንባቡ ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ነው። ቁጥሩን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ማየት ስለሚቻል «ዓይኑ ምን እያየ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግምት መሆኑ ይቀራል። ሁለቱ ኤልዲአሮች እኩል ባይሆኑ፣ ሁልጊዜም እኩል አይሆኑም፣ ልዩነቱ በአንድ መስመር ኮድ ይታረማል። በሽቦው ሮቦት ላይ ይህን ለማድረግ ተመሳሳይ የሆኑ ጥንዶችን ለቅሞ ማውጣት ወይም ማስተካከያ ሬዚስተር መጨመር ያስፈልግ ነበር።

ከቦርዶቹ መካከል ለመጀመሪያ ሥራ አሁንም አርዱይኖ ኡኖን አስቀድማለሁ። አር 3 (R3) የተባለው የተለመደው እትም ልቡ ኤቲሜጋ 328 ፒ የተባለው ቺፕ ነው፤ በ16 ሜጋኸርዝ ይሠራል፣ ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት፣ ለጊዜያዊ መረጃ 2 ኪሎባይት ቦታ አለው። ቁጥሮቹ ትንሽ ይመስላሉ፤ ሆኖም መስመር ለሚከተል ወይም ዕንቅፋት ለሚሸሽ ሮቦት ከበቂ በላይ ናቸው። ዋናው ብልጫው በ5 ቮልት መሥራቱ ነው፤ ብዙዎቹ ቀላል ሴንሰሮችም በዚያው ቮልቴጅ ስለሚሠሩ መካከል ላይ ምንም ማስማሚያ አያስፈልግም። ድካሙ ስፋቱና ኃይል በከንቱ መፍጀቱ ነው፤ ምንም ሳይሠራ እንኳ በአስር የሚቆጠር ሚሊአምፔር ይወስዳል።

መጠንና ኃይል ወሳኝ ሲሆኑ አቲኒ 85 የተባለው ስምንት እግር ብቻ ያለው ቺፕ ይመረጣል። 8 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታና በተለመደው አደራረግ አምስት ነጻ እግር አለው፤ ሲተኛም ከ1 ማይክሮአምፔር በታች መውሰድ ስለሚችል በሶላር ለሚሠራ ሮቦት ኮድ የሚጫንበት ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው። ኢኤስፒ 32 በተቃራኒው ዋይፋይና ብሉቱዝ ስላለው ከስልክ ለሚታዘዝ ሮቦት ተመራጭ ነው። ነገር ግን በ3.3 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ፣ ለምሳሌ ኤችሲ-ኤስአር 04 የተባለው አልትራሳውንድ ሴንሰር የሚመልሰውን የ5 ቮልት ምልክት በሁለት ሬዚስተር (1 ኪሎኦምና 2 ኪሎኦም) አካፍሎ ማውረድ ያስፈልጋል፤ በቀደመው የኢኤስፒ 32 ዓይነት ላይ ደግሞ ዋይፋይ ሲበራ ከአናሎግ ማንበቢያ እግሮቹ ከፊሎቹ ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። ማይክሮ ቢት ለልጆች ጥሩ ነው፤ የእንቅስቃሴ ሴንሰርና 25 ትንንሽ መብራቶች ከመጀመሪያው ተሠርተውበታል፤ ሞተር ለመንዳት ግን ተጨማሪ ሰሌዳ ስለሚፈልግ አጠቃላይ ወጪውን ከፍ ያደርገዋል።

ሞተሩና የሚነዳው ቺፕ

የትኛውም ቦርድ ሞተርን በቀጥታ አይነዳም። የአርዱይኖ ኡኖ አንድ እግር በጤናማ ሁኔታ የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ነው፤ 40 ሚሊአምፔር ሊታለፍ የማይገባ ወሰን ነው። ትንሽ ጊር ያለው ሞተር በነጻነት ሲዞር እንኳ ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ሲታነቅ (ዘንጉ ተይዞ መዞር ሲያቅተው) ደግሞ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ሞተርና ነጂ ቺፕ አብረው ነው የሚመረጡት።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚዞር ሞተር አንድ ትራንዚስተርና አንድ ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) ይበቃል። ዳዮዱ ከሞተሩ ጋር ጎን ለጎን፣ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ ፖዘቲቭ ሆኖ ይያያዛል፤ ሞተሩ በተቋረጠ ቅጽበት የሚወጣውን ከፍተኛ ቮልቴጅ አልፎ ትራንዚስተሩን እንዳይመታ መንገድ ይሰጠዋል። ወደፊትም ወደ ኋላም መሄድ ካስፈለገ ግን ኤች ብሪጅ የሚባለው ቅንብር ያለበት ቺፕ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ልዩነት አለ። ኤል 298 ኤን የተባለው ትልቅ ቀይ ሰሌዳ በየትኛውም የሮቦት ሥዕል ላይ ይታያል፤ በአንድ መስመር እስከ 2 አምፔር ይሸከማል። ሆኖም በውስጡ ያሉት ባይፖላር ትራንዚስተሮች ከባትሪው ቮልቴጅ 2 ቮልትና ከዚያም በላይ ስለሚያስቀሩ፣ በአራት ባለ 1.2 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ሮቦት ሞተር 3 ቮልት እንኳ ላያገኝ ይችላል። «ሞተሬ ደካማ ነው» ተብሎ ሞተር የሚለወጥበት አብዛኛው አጋጣሚ ምክንያቱ ይኸው ነው። ኤል 293 ዲ በአንድ መስመር 600 ሚሊአምፔር ብቻ የሚሸከም ሆኖ ዳዮዶቹ በውስጡ ስላሉ ለብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ክፍሎች ለሚሰኩበት ሰሌዳ) ይመቻል፤ የቮልቴጅ ብክነቱ ግን ከዚያው ወገን ነው። ቲቢ 6612 የተሠራው በሞስፌት (በሌላ የትራንዚስተር ዓይነት) ስለሆነ ግማሽ አምፔር ሲያልፍበት የሚያስቀረው ሩብ ቮልት ገደማ ነው፤ በተከታታይ 1.2 አምፔር ይሸከማል። በትንሽ ባትሪ ለሚሠራ ትንሽ ሮቦት ሌላ ልዩ ምክንያት ከሌለ በስተቀር የምመርጠው ይህንን ነው።

ሞተሮቹን በተመለከተ፣ ቢጫው ፕላስቲክ ጊር ያለው፣ ከ3 እስከ 6 ቮልት የሚሠራውና ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን 48 ለ 1 የሚቀንሰው ሞተር ለጎማ ሮቦት ጥሩ ጅማሬ ነው። ሁለቱ ሞተሮች ፈጽሞ እኩል ስለማይዞሩ ሮቦቱ ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ ግን አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል፤ መስመር ወይም ብርሃን ለሚከተል ሮቦት ይህ ችግር አይሆንም፣ ሴንሰሩ ያለማቋረጥ ያርመዋልና። ቀጥታ መስመር መሳል ወይም በትክክል 90 ዲግሪ መዞር ከተፈለገ ስቴፐር ሞተር (በእኩል ትንንሽ እርምጃ የሚዞር) ይሻላል። 28ቢዋይጄ-48 የተባለው አነስተኛ ስቴፐር አንድ ዙር ለመዞር 2048 እርምጃ ይሄዳል፤ 6.5 ሰንቲሜትር ዲያሜትር ያለው ጎማ ላይ ሲገጠም እያንዳንዱ እርምጃ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ ያህል ነው። ዋጋው ዝግታና ቆሞም ቢሆን ኃይል መፍጀቱ ነው። ኤስጂ 90 ዓይነት 9 ግራም የሚመዝን ሰርቮ ደግሞ ለእግርና ለክንድ ነው፤ ነጂው በውስጡ ስላለ ለብቻው ቺፕ አይፈልግም፤ ኃይሉን ግን ከቦርዱ ሳይሆን ከባትሪው በቀጥታ መውሰድ አለበት።

ባትሪ ወይስ ፀሐይ

ከተበላሹ የጀማሪ ሮቦቶች ብዙዎቹን የሚያበላሸው የኃይል ምንጭ ነው። አራት ማዕዘኑ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ቮልቴጁ ከፍ ያለ በመሆኑ ያጓጓል፤ በውስጡ ያለው ግን የአንድ ባለ 1.5 ቮልት መደበኛ የአልካላይን ባትሪ ድንጋይ ሩብ የማይሞላ ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ የውስጥ ሬዚስታንሱም ትልቅ ስለሆነ ሞተሩ ግማሽ አምፔር በጠየቀ ጊዜ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቦርዱም ይጠፋል። ለሴንሰርና ለትንሽ ሰርኪዩት ይበቃል፤ ሞተር ላለበት ሮቦት አይመከርም።

እንደገና የሚሞሉ አራት የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪዎች፣ በድምሩ 4.8 ቮልት፣ ለአብዛኛው ትንሽ ሮቦት ትክክለኛው ምርጫ ናቸው። ትልቅ ከረንት ይሰጣሉ፣ ለስሕተት ይታገሣሉ፣ ከአርዱይኖው ባለ 5 ቮልት መግቢያም ጋር በቀጥታ ይስማማሉ። በእነሱ ምትክ አራት አዲስ አልካላይን ባትሪ በዚያው መግቢያ ማስገባት ግን አይገባም፤ ድምሩ 6 ቮልትን ይሻገራል፣ ለቺፑም 6 ቮልት ሊደረስበት የማይገባ ወሰን ነው። ሊቲየም ባትሪ ለክብደቱ ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት፣ ከ3 ቮልት በታችም መውረድ የለበትም፤ ሲበሳ፣ ሲጨማደድ ወይም ሁለት ጫፉ ሲገናኝ እሳት ይነሣበታል። የራሱን ቻርጀርና መከላከያ ሰርኪዩት ለመጠቀም ያልተዘጋጀ ሰው፣ በተለይም ከልጆች ጋር የሚሠራ፣ በኒኬሉ ቢቆይ ይሻላል።

ኃይሉ ከየትኛውም ቢመጣ፣ በየሞተሩ ሁለት ጫፎች መካከል አንድ ባለ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር መበየድና የሞተሩን የኔጋቲቭ ሽቦ ከቦርዱ ሽቦ ጋር በባትሪው አጠገብ ብቻ ማገናኘት፣ ምክንያታቸው የማይታወቅ የሚመስሉ ብዙ መጥፋትና መነሣቶችን ያስቀራል።

ፀሐይ ግን የተለየ ውበት አላት። ሶላር ሞተር የሚባለው ሰርኪዩት ከትንሽ የሶላር ሰሌዳ የሚመጣውን ጥቂት ሚሊአምፔር በካፓሲተር ያጠራቅማል፤ ቮልቴጁ ከተወሰነ ወሰን ሲደርስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ሞተሩ ይለቃል። በቁጥር ብናየው፣ 4700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ2.7 ቮልት ወደ 1.5 ቮልት ሲወርድ የሚሰጠው 12 ሚሊጁል ያህል ነው፤ 60 ሚሊዋት ለሚፈልግ ትንሽ ሞተር ይህ የአንድ ሴኮንድ አንድ አምስተኛ ጉዞ ነው። ሰሌዳው 5 ሚሊአምፔር ከሰጠ ካፓሲተሩ በአንድ ሴኮንድ ገደማ እንደገና ይሞላል፤ በደብዛዛ ብርሃን 1 ሚሊአምፔር ብቻ ካገኘ ወደ ስድስት ሴኮንድ ይጠብቃል። ሮቦቱ እየዘለለ፣ እያረፈ፣ እንደገና እየዘለለ ይሄዳል።

ሶላርን የሚመርጥ ሰው ወሰኑን የሚጠብቀውን ክፍልም መምረጥ አለበት። የመጀመሪያው አማራጭ ራሱ ብልጭ ድርግም የሚል ኤልኢዲ፣ ሁለት ትራንዚስተርና አንድ ሬዚስተር ነው፤ ክፍሎቹ በቀላሉ ይገኛሉ፣ ነገር ግን ወሰኑ ከኤልኢዲ ወደ ኤልኢዲ ስለሚለያይ መሞከር ይጠይቃል፣ ኤልኢዲውም እየጠበቀ ሳለ ጥቂት ኃይል ይበላል። ሁለተኛው ቮልቴጁ ከወሰኑ መድረሱን የሚለይ ባለ ሦስት እግር ቺፕ (ቮልቴጅ ዲቴክተር) ነው፤ ወሰኑ በፋብሪካ የተወሰነ ሲሆን እየጠበቀ የሚወስደውም እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሮቦት ይሻላል። ሶላር ከኡኖ ዓይነት ቦርድ ጋር ግን አይሄድም፤ ቦርዱ ቆሞ የሚወስደው ሰሌዳው ከሚሰጠው ይበልጣልና።

ስለ አካሉ ጥቂት

ሁለት የሚነዱ ጎማዎችና አንድ በየአቅጣጫው የሚንከባለል ደጋፊ ኳስ ለመጀመሪያ ሥራ ይበቃሉ፤ ሦስት ነጥብ ባልተስተካከለ ወለል ላይም ሁልጊዜ መሬት ይነካል። እግር ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን ኃይል ይፈጃል፣ ብዙ የመካኒክ ሥራም ይጠይቃል። ሰርኪዩቱን ብሬድቦርድ ላይ ሞክሮ ሮቦቱ መንቀሳቀስ ሲጀምር መበየድ ይመከራል፤ የሞተር ንዝረት ሽቦዎቹን ከቀዳዳቸው ቀስ በቀስ ያወጣቸዋል፣ የተነቀለውን ሽቦ መፈለግም ከብየዳው በላይ ጊዜ ይወስዳል።

ለማን የትኛው?

ኤሌክትሮኒክስ እንዴት እንደሚሠራ በጣቱ ተከትሎ ማየት ለሚፈልግ ሰው በትራንዚስተርና በኮምፓራተር የተሠራውን ብርሃን ፈላጊ ወይም መስመር ተከታይ ከቢጫ ሞተሮችና ከአራት የኒኬል ባትሪ ጋር እመክራለሁ። ፕሮግራም መጻፍ የሚወድ ወይም ከልጆች ጋር በየቀኑ አዲስ ሐሳብ መሞከር የሚፈልግ ሰው አርዱይኖ ኡኖን፣ ቲቢ 6612ንና እነዚያኑ ሞተሮች ይያዝ። ትዕግሥት ያለውና በመስኮት ጥግ ለዓመታት የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት የሚሻ፣ የሶላሩን መንገድ ይከተል። ከማናቸውም በፊት ግን የተመረጠው ሞተር ሲታነቅ ምን ያህል ከረንት እንደሚወስድ ዘንጉን ይዞ ለአጭር ቅጽበት በመልቲሜትሩ ባለ 10 አምፔር መስመር መለካት ያስፈልጋል፤ ነጂውም ባትሪውም የሚመረጡት በዚያ ቁጥር ነው።

ሁለቱን መንገዶች በአንድ ሮቦት ማጣመርም ይቻላል፤ ይህ አማራጭ ከሚገባው በታች ይታሰባል። በጠረጴዛ ላይ የሚሄድ ሮቦት በአርዱይኖ እየታዘዘ ከአልትራሳውንድ ሴንሰሩ መልስ ሲጠብቅ፣ መልሱ ካልመጣ ምቱን የሚለካው የተለመደው ትእዛዝ ሌላ ወሰን ካልተሰጠው እስከ አንድ ሴኮንድ ቆሞ ይጠብቃል፤ በሴኮንድ 40 ሰንቲሜትር የሚሄድ ሮቦት በዚያች ሴኮንድ ከጠረጴዛው ይወድቃል። የኤልኤም 393ን ሁለት ኮምፓራተሮች ጠርዝ ከሚያዩ ሁለት የኢንፍራሬድ ሴንሰሮች ጋር አያይዞ፣ መውጫዎቻቸውን አንድ ላይ በማሰር በቀጥታ ወደ ቲቢ 6612 ማቆሚያ እግር መውሰድ፣ እግሩንም በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ ፖዘቲቭ መደገፍ ይበቃል። ከሁለቱ አንዱ ወለሉን ባጣ ቅጽበት መስመሩ ወደ ኔጋቲቭ ይሳባል፣ ሁለቱም ሞተሮች ይቋረጣሉ፤ ኮዱ በዚያ ጊዜ ምን እየሠራ እንደሆነ አይጠየቅም።